ዱካክ፦ ሌሊት የሚጫነን ነገርና የእምነት ሥነ ልቦና

«ዱካክ ተጫነኝ» የሚል ሰው የሌለበት ቤተ ዘመድ ማግኘት ይከብዳል። ነገሩ ግን በሹክሹክታ ነው የሚወራው። አንዱ ዓይነ ጥላ ነው ይላል፣ ሌላው ጂኒ፣ ሌላው ጭንቀት። ከዚህ በታች ብዙ ጊዜ የሚነሡትን ጥያቄዎች ስንመልስ ሁለት ነገር አብረን እናያለን፤ ሌሊት ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚካሄድ፣ አእምሮም ከዚያ ተነሥቶ እንዴት ታሪክና እምነት እንደሚሠራ። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ዱካክ ምንድን ነው? ከቅዠትስ በምን ይለያል?

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው እንበል። ሰውየው ከእንቅልፉ ይነቃል። ጣራውን ያያል፣ የጎረቤት ውሻ ሲጮህ ይሰማል። እጁን ሊያነሣ ሲል እጁ አይታዘዘውም። ሊጣራ ይሞክራል፤ ድምፁ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። በዚህ መሐል በሩ አጠገብ አንድ ነገር እንደቆመ ያውቃል። ዞር ብሎ አላየውም፤ መኖሩን ግን ያውቃል። ነገሩ ይጠጋል፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ ደረቱ ላይ ይወጣል። ትንፋሽ ያጥረዋል። «አሁንስ ሞትኩ» ሲል ድንገት ይለቀዋል፤ ልቡ እየደለቀ፣ በላብ ርሶ ይነሣል።

ይህ ሁሉ የሚፈጀው ከጥቂት ሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃዎች ነው። በሕክምናው ስሊፕ ፓራሊሲስ ይባላል። ቅዠት ውስጥ ያለ ሰው ተኝቷል፤ ሲነቃ «ለካ ሕልም ነው» ብሎ ይገላገላል። ዱካክ የያዘው ሰው ግን ነቅቷል፤ ያየውን ያየው በራሱ ክፍል፣ በራሱ አልጋ ላይ ሆኖ ነው። «ሕልም ነው፣ ተወው» ሲሉት የማይዋጥለት ለዚህ ነው። አለመቀበሉም ልክ ነው፤ የደረሰበት ነገር ሕልም ብቻ አይደለምና።

ብርቅ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ግምገማ 35 ጥናቶችን፣ ከ36,000 በላይ ሰዎችን አንድ ላይ አድርጎ ሲቆጥር፣ ከጠቅላላው ሕዝብ 7.6 በመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደደረሰበት አግኝቷል። ከተማሪዎች መካከል 28.3 በመቶ፣ ከአእምሮ ሕመምተኞች መካከል 31.9 በመቶ ነበር። ተማሪው ለምን እንደበዛበት እንቅልፍ ማጣቱ ይናገራል።

ነቅቼ እያለ ሰውነቴ ለምን እምቢ ይለኛል?

እንቅልፍ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በየ90 ደቂቃው ገደማ እየተመላለሰ የሚመጣ፣ ሬም የሚባል ክፍል አለው፤ ስሙን ያገኘው ዓይናችን በቆቡ ሥር በፍጥነት ወዲያ ወዲህ ስለሚል ነው። ቁልጭ ያለ ሕልም የምናየው በአብዛኛው ያኔ ነው። ከአዋቂ ሰው እንቅልፍ ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል፤ ወደ ንጋት በቀረበ ቁጥር ይረዝማል። በሬም ጊዜ የአንጎል ግንድ ጡንቻን የሚያዙትን ነርቮች ዝም ያሰኛቸዋል፤ ግላይሲንና ጋባ የተባሉ ኬሚካሎች ይህን ሥራ ይሠራሉ። በሕልሙ የሚሮጥ ሰው ከአልጋው ተነሥቶ እንዳይሮጥ የተሠራ ጥበቃ ነው። ነጻ የሚቀሩት ዓይን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎችና ደረትን ከሆድ የሚለየው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ናቸው።

ዱካክ የሚመጣው ንቃት ቀድሞ ሲደርስና ማሰሪያው ገና ሳይፈታ ሲቀር ነው። ሕልም የሚሥለው የአንጎል ክፍልም ሥራውን አላቆመም። ስለዚህ ለአፍታ ሰውየው ዓይኑን ገልጦ ያልማል፤ ሕልሙም እውነተኛው ክፍል ላይ ይደረባል።

ታዲያ ክፍሌ ውስጥ የነበረው ማነው? በእርግጠኝነት ሰው ነበር እኮ!

የጥያቄው ሁሉ እምብርት ይህ ነው፤ መልሱም ከሦስት ነገሮች የተገመደ ነው።

አንደኛው ፍርሃት ነው። አሚግዳላ የሚባለው የአንጎላችን የማስጠንቀቂያ ደወል በሬም ጊዜ በጣም ንቁ ነው። በዚህ ላይ ሰውነት አልንቀሳቀስ ሲል ደወሉ ይበረታል። ልብ በሉ፤ ፍርሃቱ ምክንያቱን ቀድሞ መጥቷል። አእምሮ ደግሞ ባዶ ፍርሃት አይወድም፤ «ማን ነው የሚያስፈራኝ?» ብሎ ይፈልጋል። ይህ ልማድ ቀን ቀንም አለብን። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ተረት በትክክል ይገልጸዋል። ልጥን እባብ ነው ብሎ የበረየ ሰው የሚከስረው ትንሽ ድንጋጤ ነው፤ እባብን ልጥ ነው ብሎ የረገጠ ግን ሕይወቱን ያጣል። ስለዚህ አእምሯችን ሲጠራጠር «አንድ አካል አለ» ወደሚለው ያደላል። ጀስቲን ባሬትን የመሳሰሉ የሃይማኖት ሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን ዝንባሌ በዓለም ዙሪያ ላለው በማይታዩ አካላት ማመን ከምንጮቹ አንዱ ያደርጉታል።

ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። ድያፍራም ሥራ ላይ ስለሆነ አየር በበቂ ሁኔታ ይገባል። ሰውየው ግን ደንግጦ በደረቱ ጠልቆ ሊተነፍስ ይሞክራል፤ የጎድን አጥንቶቹ ጡንቻዎች ታስረዋልና ደረቱ አይከፈትም። ልተንፍስ ብሎ ሲያቅተው የሚሰማው ነገር ከላዩ ክብደት እንደተጫነ ነው። በታገለ ቁጥር ክብደቱ ይጨምራል።

ሦስተኛው የገዛ አካላችን ካርታ ነው። እጃችን የት እንዳለ ሳናይ የምናውቀው አንጎል ይህን ካርታ ሳያቋርጥ ስለሚሥል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ስዊዘርላንድ ውስጥ ለሚጥል በሽታ ምርመራ የተኛች አንዲት የ22 ዓመት ሴት፣ ከጆሮ በላይ ወደ ኋላ ያለው የግራ አንጎሏ ክፍል በኤሌክትሪክ ሲነካ ከኋላዋ የጥላ ሰው እንዳለ ለሐኪሞቿ ነገረቻቸው። ስትቀመጥ ተቀመጠ፤ ጎንበስ ስትል ጎንበስ አለ። ማነቃቂያው ሲቆም ጥላው ጠፋ። በዱካክ ጊዜም ካርታውን የሚሥለው ክፍል ተኝቶ ከቀረ አካል ትክክለኛ መልእክት አያገኝም፤ ስለዚህ የራሳችንን መኖር እንደ ሌላ ሰው መኖር ሊያነበው ይችላል የሚለው ዛሬ ከሚቀርቡት ማብራሪያዎች አንዱ ነው።

ታሪኩን ሰምቼ ስላደግሁ ይሆን የማየው?

በከፊል ብቻ። ዴቪድ ሃፎርድ የተባለ አሜሪካዊ የአፈ ታሪክ ተመራማሪ በ1970ዎቹ ካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ ውስጥ «አሮጊቷ ጠንቋይ ተቀመጠችብኝ» የሚሉ ሰዎችን ሲጠይቅ ቆየ። የገረመው፣ ስለ አሮጊቷ አንድም ቀን ሰምተው የማያውቁ ሰዎችም ያንኑ መናገራቸው ነው፤ የእግር ኮቴ፣ ጥላ፣ የደረት ክብደት። ከዚህ ተነሥቶ፣ ቢያንስ በዚህ ጉዳይ፣ ታሪኩ ልምዱን አልፈጠረውም፤ ልምዱ ነው ታሪኩን የወለደው ሲል ደመደመ።

ስሙን የሚሰጠው ግን አገር ነው። ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል፤ በብረት መታሰር ማለት ነው። ሜክሲኮዎች «የሞተ ሰው ወጣብኝ» ይላሉ። ጣሊያን፣ አብሩዞ ውስጥ ፓንዳፌኬ የምትባል ክፉ ጠንቋይ ወይም መንፈስ ናት የምትመጣው፤ እሷን ለመከላከል በር ላይ መጥረጊያ ወይም አልጋ አጠገብ የአሸዋ ክምር የሚያስቀምጡ ነበሩ። ግብፅ ውስጥ ጂኒ ነው። በእኛ አገር ዱካክ፣ ዓይነ ጥላ፣ ዛር፣ ጂኒ እንደየሰፈሩ ይባላል። አጽሙ አንድ ነው፤ ልብሱ ይለያያል።

እምነቴ ዱካኩን ያባብሰዋል?

ፍርሃቱ ያባብሰዋል። ባላንድ ጃላልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ከጠየቋቸው ግብፃውያን 44 በመቶ፣ ከዴንማርካውያን 25 በመቶ ዱካክ ደርሶባቸዋል። የተጠየቁት አገሩን በሙሉ የሚወክሉ አይደሉም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ለሕዝብ ሁሉ መስጠት ስሕተት ነው። ዋናው ነገር ልዩነቱ ነው፤ ግብፃውያኑ በሕይወት ዘመናቸው ደጋግሞ ይዟቸዋል፣ እሞታለሁ የሚለውም ፍርሃት በርትቶባቸዋል።

መንገዱ እንዲህ ነው። «ሊገድለኝ የመጣ አለ» ብሎ የሚተኛ ሰው እንቅልፉ ይሳሳል፤ ቶሎ ቶሎ ይባንናል። ከሬም መሐል በባነነ ቁጥር ዱካክ በር ያገኛል። ሲይዘው ይታገላል፤ ሲታገል ደረቱ ይከብዳል፤ ሲከብድ እምነቱ ይጸናል። በነጋታው ፈርቶ ያመሻል፣ እንቅልፍ ያጣል። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ሌላው የዱካክ መንገድ ነው። ክቡ እንዲህ ይዘጋል።

ጸሎት ባበዛሁ ሰሞን ለምን ይበረታብኛል? ጠላት ተቆጥቶ ነው ይሉኛል።

ብዙ ሰው በዚህ ተጨንቋል፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። ማኅሌት ያደረ ሰው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ቤቱ ገብቶ ጋደም ይላል። ሌሊቱን ያልተኛ አንጎል የቀረበትን ሬም ሊከፍል ይቸኩላል፤ ሰዓቱም የሬም ሰዓት ነው። ስለዚህ ገና ዓይኑን ሲከድን፣ ንቃቱ ሳይጠፋ፣ ሬም ይመጣል። በረመዳን ለሱሑር ተነሥቶ፣ ሱብሒ ሰግዶ ተመልሶ የሚተኛም እንዲሁ ነው።

ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 ተመራማሪዎች ይህንኑ በላቦራቶሪ አድርገውታል። የ16 ጤነኛ ሰዎችን እንቅልፍ እያቋረጡ መልሰው ሲያስተኟቸው፣ ከ64 ማቋረጥ 6 ጊዜ ዱካክ መጣ። ጸሎትም ጠላትም አልነበረም፤ የተሰበረ እንቅልፍ ብቻ።

በዚህ ምክንያት ጸሎትን መተው አያስፈልግም። ካደሩ በኋላ ከመተኛትዎ በፊት ትንሽ ቁጭ ይበሉ፣ በጎንዎ ይተኙ፣ ያጡትንም እንቅልፍ በሚቀጥለው ምሽት ቀደም ብለው በመተኛት ይተኩ። ጥበቃ ላይ የሚያድር፣ ሌሊት መኪና የሚነዳ፣ ዓረብ አገር በሰው ቤት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኝታ 11 ሰዓት የምትነሣ እህት፣ ሁሉም ዱካኩን የሚያገኘው በዚሁ በር ነው። እሷ ላይ ደግሞ ብቸኝነቱና ጭንቀቱ ይታከላል።

ዳዊት ትራስጌዬ ሳደርግ ለቀቀኝ። ይህን እንዴት ታዩታላችሁ?

በሁለት መንገድ ይረዳል። ሲያምኑበት ፍርሃትዎ ይቀንሳል፣ እንቅልፍዎ ይከብዳል፣ መባነኑ ያንሳል። መዝሙረ ዳዊትም ሆነ የቁርኣኑ አያተል ኩርሲይ ለዚህ ሰላም የሚሰጡ ናቸው፤ ሰላሙም እውነተኛ ነው።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ዱካክ ሰሞን አለው፤ ለሁለት ሳምንት ተደጋግሞ ይመጣና ለወራት ይጠፋል። ሰው መድኃኒት የሚፈልገው ደግሞ በበረታበት ሳምንት ነው። ያን ጊዜ ምንም ቢያደርግ፣ ቢላዋ ትራስ ሥር ቢያደርግ፣ አልጋውን ቢያዞር፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሳምንት ቀለል ማለቱ አይቀርም፤ ምስጋናው ለቢላዋው ይሄዳል። የሠራልንን እናስታውሳለን፣ ያልሠራበትን ሌሊት እንረሳለን። ብዙ ልማድ ጸንቶ የሚኖረው በዚህ የማስታወስ ጠባይ ነው። ጉዳት የሌለው ልማድ ከሆነ አይከራከሩበት። ገንዘብ የሚያስከፍል፣ ጎረቤት የሚያስጠረጥር ወይም መድኃኒት የሚያስተው ከሆነ ግን ዝም ሊባል አይገባም።

ክታብ ለምን የአጋንንት ስም ይዘረዝራል?

በብራና ላይ በግእዝ የሚጻፈው ክታብ በልማድ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ። ሕፃናትን የምትገድለው ወርዝልያና በፈረስ የተከተላት ቅዱስ ሱስንዮስ፣ ባርያና ሌጌዎን የተባሉት አጋንንት፣ ሰሎሞን አጋንንትን በመረቡ ይዞ ስማቸውን ያስነገረበት መርበብተ ሰሎሞን፣ ሁሉም አንድ ሐሳብ ይጋራሉ፤ ስሙ የታወቀ ጠላት ግማሽ ኃይሉን ያጣል።

ሥነ ልቦናው ይህን አይክድም። ስም የሌለው ፍርሃት ከሁሉ የከፋ ነው። ወላጆቹ «ዱካክ ነው፣ እኛም ይዞን ያውቃል» ያሉት ልጅ፣ ለማንም ሳይናገር ዓመት ከሚብሰለሰል ልጅ ይሻላል። ሐኪሙ «ስሊፕ ፓራሊሲስ ነው» ሲልም የሚሠራው ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም። መመዘን ያለበት ስሙ ቀጥሎ ምን እንድናደርግ እንደሚያዘን ነው። እንቅልፍህን አስተካክል የሚል ስም አለ፤ ሰፈር ልቀቅ፣ ከአክስትህ ጋር አትነጋገር፣ ይህን ያህል ሺህ ብር አምጣ የሚልም አለ።

«ሌሊት የሚተኛሽ መንፈስ ስላለ ትዳር አይሆንልሽም» ተባልኩ።

ይህ አባባል የብዙ ሴቶችን ሕይወት አበላሽቷል፤ ሐሰትም ነው። በሬም ጊዜ በወንድም በሴትም ወደ ብልት የሚሄደው ደም ይጨምራል፤ ሕልሙ ምንም ይሁን ምን የሚሆን የሰውነት ሥርዓት ነው። በዚህ ላይ የደረት ክብደትና የሌላ ሰው መኖር ስሜት ሲጨመር፣ አእምሮ ሦስቱን አገናኝቶ አንድ ታሪክ ያደርጋቸዋል። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓም ከሴቶች ጋር የሚተኙ ጋኔኖች አሉ እያለ ይህንኑ ሲያወራ ኖሯል። ኃጢአት አልሠሩም፣ ለማንም አልተዳሩም። እጮኛ ካለዎት ይህን ገጽ አብራችሁ አንብቡት።

ሲይዘኝ ምን ላድርግ?

ይህን ቀን ቀን መለማመድ ይገባል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ 15 ደቂቃ ያህል፣ ጀርባ ላይ ተኝተው ዱካክ እንደያዘዎት እያሰቡ። ያልተለማመደ ሰው በሌሊቱ ድንጋጤ መሐል አንዱንም አያስታውስም።

መጀመሪያ ለራስዎ በልብዎ ይንገሩ፤ «ይህ ዱካክ ነው፣ ያልፋል፣ በራሱ አይገድልም»። ቀጥሎ፣ «የሚያስፈራኝ ምክንያት የለም፣ ፍርሃቱ ራሱ የዱካኩ ክፍል ነው» ይበሉ። ከዚያ ጥላውን አይከተሉ፤ ዓይንዎ ይታዘዛልና ይክደኑት። ሐሳብዎን በአንድ በሚወዱት ነገር ላይ ያሳርፉ፤ የእናትዎ ፊት፣ አንድ ዜማ፣ አጭር ጸሎት። «እግዚኦ መሐረነ» ወይም «ቢስሚላህ» በዝግታ መደጋገም ለዚህ በጣም ይሆናል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ የሚያረጋጋውን ጸሎት ትተው «ሂድ! ውጣ!» እያሉ በልባቸው ይዋጋሉ። ውጊያው ደወሉን ያጠነክረዋል። በመጨረሻ ጡንቻዎን ይልቀቁ፣ ለመነሣት አይታገሉ፣ በሆድዎ በትንሽ በትንሹ ይተንፍሱ፤ ጠልቀው ለመተንፈስ አይሞክሩ። አንዳንድ ሰው የእግሩን ጣት ወይም ምላሱን በማንቀሳቀስ ይፈታል። ካልታዘዘዎት ግን ወዲያው ይተዉት።

ይህን ባለ አራት ደረጃ ዘዴ ያዘጋጀው ከላይ የጠቀስነው ጃላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ጣሊያን ውስጥ ናርኮሌፕሲ (ቀን ቀን ሳያስቡት እንቅልፍ የሚያስወስድ ሕመም) ባለባቸው 10 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ ዘዴውን ለ8 ሳምንት በተለማመዱት 6 ሰዎች ዱካክ የሚይዝባቸው ቀናት በግማሽ ቀንሰዋል። ሙከራው ትንሽ ነው። ዘዴው ግን ጉዳትም ወጪም የለውም።

ሲለቅዎ ወዲያው መልሰው አይተኙ። ተነሥተው መብራት ያብሩ፣ ፊትዎን ይታጠቡ፣ 10 ደቂቃ ያህል ይቆዩ። በዚያው በጀርባ እንደተኙ ከቀሩ ወደዚያው ሬም ተመልሰው ይገባሉ፤ «ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ያዘኝ» የሚለው የሚመጣው እንዲህ ነው። አብሮዎት ለሚተኛ ሰውም ይንገሩ፤ ትንፋሽዎ ሲቆራረጥ ወይም ሲያቃስቱ ሲሰማ ስምዎን ጠርቶ ትከሻዎን ይንካ። መነካት ብዙ ጊዜ ወዲያው ይፈታል።

እንዳይመላለስስ?

በጎን መተኛት የመጀመሪያው ነው፤ ዱካክ በጀርባ የተኛን ይወዳል። እንቅልፍ ላይ ለሚገላበጥ ሰው የተጠቀለለ ካልሲ ከቲሸርቱ ጀርባ ላይ መስፋት ይሠራል። ቀጥሎ ሰዓት፦ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሣት፣ እሑድንም ጨምሮ፤ ለአዋቂ ከ7 እስከ 9 ሰዓት እንቅልፍ። ሰዎች የሚሰናከሉት ሦስት ቀን አስተካክለው እሑድ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ሲተኙ ነው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይታገሡ፤ በደብተርም የተኙበትን ሰዓት፣ አተኛኘትዎን፣ የጠጡትን ይጻፉ። ብዙ ሰው ምክንያቱን የሚያገኘው ከዚህ ደብተር ነው።

ቡና ከሰውነት በግማሽ ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ምሽት 12 ሰዓት ላይ የተፈላው አቦል ከምሽቱ 5 ሰዓትም ግማሹ ደም ውስጥ አለ። ከሰዓት 8 ሰዓት በኋላ ቢቀር ጥሩ ነው፤ ከጎረቤት ጋር ተቀምጦ መጫወቱ ግን አይቅር።

ጫት ሳቆም ለምን ዱካክ ይመጣል?

ጫት ላይ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ያነቃቃል፣ ሬምንም ይጨቁናል። ሲቆም የተጨቆነው ሬም ተጠራቅሞ ይመለሳል፤ ሕልሙ ይበዛል፣ ያስፈራል፣ ዱካክም ይመላለሳል። ቃሚዎች ራሳቸው ሐራራና ዱካክን ጎን ለጎን የሚጠሩት ለዚህ ነው። የሚያሳዝነው፣ ብዙዎች «ጫቱ አልለቀኝም አለ» ወይም «መንፈሱ ተቆጣ» ብለው በዚያው ሳምንት ይመለሳሉ። ይህ የሚያልፍ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት በርትቶ ቀስ በቀስ ይረግባል። በአንድ ጊዜ ከማቆም መጠኑን በየሳምንቱ መቀነስ ይቀላል። ጨብሲ ግን መፍትሔ አይደለም፤ አልኮል በመጀመሪያው የሌሊቱ ክፍል ሬምን አፍኖ በሁለተኛው ይለቀዋል፤ ዱካኩ ንጋት ላይ ይጠብቅዎታል።

ይህን ሁሉ መቀበል እምነትን መካድ አይሆንም?

አይሆንም። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ ፕሪቻርድ ዛሬ ደቡብ ሱዳን በሚባለው አገር ከአዛንዴ ሕዝብ ጋር ሲኖር ያየው ነገር አለ። ጥላ ሥር ሰዎች የተቀመጡበት ጎተራ አንዳንድ ጊዜ ይወድቅባቸዋል። አዛንዴዎች ምሰሶውን ምስጥ እንደበላው አሳምረው ያውቃሉ። የሚጠይቁት «ለምን በዚያች ሰዓት፣ ለምን በእነዚህ ሰዎች ላይ?» ብለው ነው። የሰው ልጅ ሁለቱን ጥያቄ ባንድ ራስ ይይዛል፤ የተማረውም ያልተማረውም።

ስለ ሬም የተነገረው «እንዴት» የሚለውን ይመልሳል። «ለምን እኔን፣ ለምን አሁን» የሚለውን ከንስሐ አባትዎ ወይም ከሼኽዎ ጋር መነጋገር የእርስዎ መብት ነው። እኛ አጥብቀን የምንቃወመው የሁለተኛው ጥያቄ መልስ የመጀመሪያውን ሲሰርዝ ነው። በተለይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ብዙ የድብርት መድኃኒቶች ሬምን ይቀንሳሉ። ሰው ጸበል ሊጠመቅ ሲሄድ ድንገት ካቆማቸው ሬም ይገነፍላል፤ ዱካክና አስፈሪ ሕልም ይበዛል። ያን ጊዜ «ጸበሉ መንፈሱን ገለጠው» ይባላል፤ የተገለጠው ግን የመድኃኒቱ መቋረጥ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በግልጽ ተናግረው ነበር። ያው ምክር ለዚህም ይሠራል።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ ከሆነና መተኛት ካስፈራዎት። ቀን ቀን ሳያስቡት እንቅልፍ የሚጥልዎት ወይም ሲስቁ ጉልበትዎ የሚከዳዎት ከሆነ ናርኮሌፕሲ ሊሆን ይችላልና ወደ ነርቭ ሐኪም ይሂዱ። ምላስ መንከስ፣ ሽንት ማምለጥ፣ የሰውነት መንቀጥቀጥ ካለ ዱካክ አይደለም፤ የሚጥል በሽታ መመርመር አለበት። በከባድ ማንኮራፋት መሐል ትንፋሽ የሚቆም ከሆነም ሐኪም ሊያየው ይገባል። ጥላውን ወይም ድምፁን ቀንም ነቅተው ካዩትና ከሰሙት፣ ወይም ጦርነትና መፈናቀል ካለፈብዎት በኋላ የጀመረ ከሆነ የአእምሮ ሐኪም ያስፈልግዎታል። አዲስ አበባ ውስጥ የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል፣ በክልሎችም የሪፈራል ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ይህን ያያሉ። ሲገቡ «ዱካክ ይጫነኛል» ብለው ይንገሯቸው፤ ቃሉን ያውቁታል።

የአምስት ዓመት ልጄ ሌሊት እየጮኸ ይነሣል። ዱካክ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ዱካክ የያዘው ሰው አይጮኽም፣ አይንቀሳቀስም፣ ጠዋት ግን ሁሉን ያስታውሳል። ልጁ በተኛ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ዓይኑ ፈጦ የሚጮኽ፣ ሲያባብሉት የማያውቅዎት፣ ጠዋትም ምንም የማያስታውስ ከሆነ፣ ከከባድ እንቅልፍ ውስጥ የሚመጣ የልጅነት ድንጋጤ ነው፤ ሲያድግ ይተወዋል። አይቀስቅሱት፣ አያንገላቱት፣ እንዳይወድቅ ብቻ ይጠብቁት። ማታ ማታም ቀደም ብለው ያስተኙት።